አንድ የአባት ስም፣ ሁለት ደጅ

የተቀባ ልጆች ድርጅት ሁለት በር አለው፤
አንዱ ፒያሳ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ማኅተሙ ያለው፤
ሌላው አዘዞ ነው፣ ከመንገዱ ግራ፣
ቆርቆሮ መጋዘን፣ ሰሊጥና አቧራ።
ስሙ ግን አንድ ነው፤
ጅራቷን ከጠቀለለችው ፊደል ኋላ፣ «ተቀባ» ብቻ ነው።
እንደኛው ስም ማለት፤ የራስ ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል፤
አባት አንድ ሲሆን፣ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆንክ ማን ያውቃል?

ጥቅምት ላይ ተደወለ። አንጓች ናት፣ የመጋዘን ኃላፊዋ፦
«ስማኝማ ልጄ፣ ሞቻለሁ እንዴ እኔ?
የመተማው ደንበኛ ኢሜይል ቢልክልኝ፣
'አንጓች የሚባል ሰው የለም' አሉት!
አርባ ኩንታል ጭኖ መኪናው ቆሞበት፣
እግዜር ያጽናችሁ ሊል ደወለ ወንድሜ ቤት!»

ነገሩ ገባኝ። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ የሚያውቀው የፒያሳውን በር ነው፤
ደብዳቤ ከየትም ይነሣ፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እዚያ ነው።
የፒያሳው ሰርቨር ደግሞ፣ የበኩር ልጅ ነገር፣
የአባቱን ስም ሲያይ የሱ ብቻ ይመስለዋል አገር።
መዝገቡን ገለጠ፤ ሒሳብ ሹሙ አለ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ ጥበቃው እንኳ አለ፤
አንጓችን ቢያጣት ጊዜ «የለችም» አለ።
እሷ በታክሲ ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ሰሊጥ እያስመዘነች፣
በሌላ ቤት መዝገብ ስላልተጻፈች፣ የለችም ተባለች።

ፒያሳ ወጣሁ፤ የሰርቨሩን አቧራ በእጅጌ ጠርጌ፣
አንድ መስመር ጻፍኩ፣ እንዲህ አድርጌ፦
«የማታውቀው ስም ሲመጣ፣ የለም አትበል፤
ለአዘዞ አሳልፍ፤ እሱ ያውቅ ይሆናል።»
አዘዞም ወርጄ ያንኑ ጻፍኩ፣ ገልብጬ፤ ፍትሕ ያደረግሁ መሰለኝ፤
አንጓች ውኃ በጣሳ፣ የተቆላ ሰሊጥ በእፍኝ አመጣችልኝ።

በዚያው ሌሊት አንድ ነጋዴ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣
ሊጠይቅ ፈልጎ የሰሊጡን ደረጃ፣
ጣቱ ስቶ «አንጉች» ብሎ ጻፈ።
ፒያሳ አላወቃትም፤ ለአዘዞ አሳለፈ።
አዘዞ አላወቃትም፤ ለፒያሳ አሳለፈ።
«ያንተ እንግዳ ናት።» «ኧረ ያንተ ናት፣ በሞቴ!»
ሁለት ጨዋ ሰዎች ደጃፍ ላይ «ግባ»፣ «አንተ ቅደም» ሲባባሉ፣
ከኋላ የቆመው እንግዳ ብርድ እንደመታው አላስተዋሉ።
ያቺ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ዳገቱን ስትወጣ ስትወርድ፣
ማራኪን ስታልፍ ስትመለስ፣ ተሳፋሪ እንዳጣ ባጃጅ፣ መንገድ ለመንገድ፣
ቀሃ ወንዝ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ሲተኛ፣
እሷ ግን በየደጁ ማኅተም ሲመታባት፣ ሳታገኝ መኝታ፣
በሃያ ስድስተኛው ዙር ደክሟት ወደቀች።
ጠዋት ስገባ፣ «ብዙ ዞረች» የሚል ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፈው፣ ሞታ ነበረች።

የተቀባ ቤት፣ ተቀባይ አጣ።

አዘዞን ለብቻው፣ «የመጨረሻው ቃል ያንተ ይሁን» አልኩት፤
«የማታውቀውን ስም፣ ምክንያቱን ጽፈህ፣ ለላኪው መልስለት።»
እንቢታም እኮ ቤት ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከተግደረደሩ፣
መንገድ ላይ ነው የሚቀሩ፣
ሰዎችም፣ ደብዳቤዎችም።

ማታ ቤቴ ገባሁ፤ አውቶ ፓርኮ፣ ከግቢው የፊተኛው ክፍል።
በሩ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ፣ በፌስታል የታሰረ ወረቀት ታቅፎ፦
«ይርድው የሚባል ልጅ እዚህ ይኖራል?»
«የለም» አልኩት። በሩን ዘጋሁ። ሻይ ጣድሁ።

ውኃው ሊንተከተክ ሲል ትዝ አለኝ፤ ጓሮ ሦስት ክፍሎች አሉ፤
የቤቱ ቁጥር አንድ ነው፤ ተከራዮቹ በየወሩ ይለዋወጣሉ፤
አንዱን እንኳ በስሙ አላውቀውም።
ሮጬ ወጣሁ። የስልኬን መብራት ወደ ቁልቁለቱ አበራሁ።
ባጃጆች ይወርዳሉ። ሽማግሌው የለም።
ወደ ጓሮ ዞሬ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ፤
«ይርድው?» አልኩ።
«አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።